የመስተዋቱ ሥዕል ምስክርነት

ወጣት አንባቢ ሆይ! ከቄራ ወደ ካዛንቺስ ስትሄድ፣ ዕድል ቀንቶህ አፍሪካ አዳራሽ ብትገባ፣ የመስተዋቱን ሥዕል አስተውል። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደሚወዱት ሥዕል ዞሩ። ሆኖም መውደድ ብቻውን ሠዓሊ አላደረጋቸውም፤ በሎንዶን ጥበቡን ተማሩ፤ በአውሮጳም እየተዘዋወሩ የመስተዋት ሥዕልን አጠኑ። በ150 ካሬ ሜትር መስተዋት ላይ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግልና ተስፋ በሦስት ክፍል ሣሉ። የሰዎቹ አቋም ጥቂት ደርቋል ቢባል እውነት ነው፤ ብርሃን ሲያልፍበት ግን የቀለሙ ስምምነት ነቀፌታውን ያስረሳል። እንግዲህ ሥራህን ለመለወጥ ስታስብ «ምን እወዳለሁ?» ካልህ በኋላ «ስለምወደውስ ምን ያህል እደክማለሁ?» በል። ያልተደከመለት ፍቅር ምኞት ሆኖ ይቀራል።