ከተማው የጎደለበት ጥምዝምዝ፦ «ኡዙማኪ» ከማንጋ ወደ ፊልም

የጃፓናዊውን የማንጋ ሠዓሊ የጁንጂ ኢቶን «ኡዙማኪ» («ጥምዝምዝ») ያነበበ ሰው ቀድሞ የሚያወሳው የተጠማዘዙትን አካላት ነው፤ በክብ በርሜል ውስጥ ራሱን እንደ ገመድ ጠቅልሎ የሞተውን የሹይቺን አባት፣ የጣት አሻራዋ ክብ መስመር አስፈርቷት የጣቶቿን ጫፍ በመቀስ የምትልጠውን እናቱን፣ ቀንድ አውጣ ሆነው ግድግዳ የሚወጡትን ተማሪዎች። ማንጋው ጽንፈኛ የሚባለውም በነዚህ ሥዕሎች ነው። ለእኔ ግን የከፋው ታሪኩ የሚፈጸምበት የኩሮዙ ከተማ ሰዎች ይህን ሁሉ እያዩ መልመዳቸው ነው።

ሥራው በሾጋኩካን «ቢግ ኮሚክ ስፒሪትስ» ሳምንታዊ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 1999 በተከታታይ ወጥቶ በሦስት ቅጽ ታትሟል። ተራኪዋ የሸክላ ሠሪ ልጅ ኪሪዬ ናት። ወዳጇ ሹይቺ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ «ከዚህ ከተማ እንውጣ» ይላታል፤ አይወጡም። አንድ ምዕራፍ በዘግናኝ ሞት ይዘጋል፤ በሚቀጥለው ኪሪዬ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ይህን ሳምንታዊ ኅትመት ያመጣው ድክመት ነው ማለት ይቀላል። ነገር ግን አንባቢውም ከነዋሪዎቹ ጋር አብሮ የሚለምደው በዚሁ ድግግሞሽ ነው። ኢቶ ከተማውን የሚሥለው ያለ አንዳች ጌጥ ነው፤ ተራ መንገድ፣ ተራ አጥር፣ ተራ ፊት። የግድግዳውን ጥላ የሚሞሉት ቀጫጭን የብዕር መስመሮች ቀስ በቀስ መዞር ሲጀምሩ ክፋቱ ከውጭ የመጣ ሳይሆን ከሥዕሉ ከራሱ የበቀለ ይመስላል።

ኢቶ የታሪኩ መነሻ በረጅሙ ተያይዘው የተሠሩ የድሮ ቤቶች እንደሆኑ ተናግሯል። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ ከጥምዝምዙ በፊት የጋራ መኖሪያው ነበር። ወደ ማብቂያው አውሎ ነፋስ ከተማውን ሲያፈርስ የሚተርፉት እነዚያ ያረጁ ቤቶች ናቸው። ሰው ይታጨቅባቸዋል፣ ይቀጠላሉ፣ ዞረው ዞረው ራሳቸው ጥምዝምዝ ይሆናሉ። ረኃብ ሲጠና ትናንት ሰው የነበረው ቀንድ አውጣ ይበላል፤ ለዚህም የሚሰጠው ምክንያት አጭር ነው፤ ሌላ ምግብ የለም።

ዩክሬን የተወለደው ሂጉቺንስኪ ያዘጋጀው ፊልም ለእይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ሲሆን፣ ሲሠራ ማንጋው ገና አላለቀም ነበር። ስለዚህ ያረጁት ቤቶችም በማንጋው መጨረሻ ከምድር በታች የሚታየው ጥንታዊ ከተማም የሉበትም። ለዚህ ፊልሙን መውቀስ አይገባም። የሚያስወቅሰው ሌላ ነገር ነው፤ ምስሉ ከመጀመሪያው አረንጓዴ ቀለም ተነክሯል፣ የሰዎቹም አኳኋን ገና አንድ ሰው ሳይሞት የቅዠት ነው። ከተማው አስቀድሞ ካበደ የሚለመድ ነገር አይቀርም። ኤሪኮ ሃትሱኔ የምትጫወታት ኪሪዬም ነገሩን እንደ እንግዳ ከዳር ሆና ታየዋለች፤ የማንጋዋ ኪሪዬ ግን የአገሩ ሰው ናት።

ፊልሙ የሚያይለው ከመጽሐፉ ሲርቅ ነው። ሬን ኦሱጊ የሚጫወተው አባት በእጁ የቪዲዮ ካሜራ ይዟል፤ የቀንድ አውጣን ዛጎል እየቀረጸ ይፈዛል፤ ሞቱም በበርሜል ሳይሆን በልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ነው። ኢቶ በአንድ ትልቅ ሥዕል ያሳየውን ሂጉቺንስኪ ወደ መመልከት ሱስ ለውጦታል፤ ይህ ለሲኒማ የተገባ ሐሳብ ነው። የሌላዋ ገጸ ባሕርይ የኪዮኮ ሴኪኖ ጥምዝ ፀጉር ግን፣ በወረቀት ላይ ገጹን የሚውጠው፣ በኮምፒውተር ሲንቀሳቀስ ማስታወቂያ ይመስላል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው በፍጻሜው ነው። ፊልሙ ሰለባዎቹን በቋሚ ምስሎች ያሳያል፤ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ማን እንደሆነ እየለየን። በማንጋው የተያያዙት ቤቶች ውስጥ ግን አካል ካካል ስለተጠላለፈ የትኛው እጅ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ሰዎቹም ለማላቀቅ መሞከር ትተዋል።