ከማርያም እግር ሥር፦ የእቴጌ ምንትዋብ ምስልና የሠዓሊው ድርሻ

በጣና ሐይቅ፣ ከደቅ ደሴት ጎን በምትገኘው በናርጋ ሥላሴ የመቅደስ ግድግዳ ላይ ማርያም ልጇን ታቅፋ ትታያለች። ከእግሯ ሥር እቴጌ ምንትዋብ ወድቀዋል። ሥዕሉ ትሕትናን ይናገራል፤ ያጌጠው ልብሳቸው ግን የወደቀችው ንግሥት መሆኗን ከማንም አይሰውርም። የሥዕሉ ኃይል የሚመነጨው ከዚሁ ተቃርኖ ነው።

ባለቤታቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ አልጋ ወራሹ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። ምንትዋብ «ብርሃን ሞገሳ» ተብለው ዘውድ ደፉ፤ በልጃቸው ስምም አገር ገዙ። ሕፃን ንጉሥ የያዘች እናት ሕፃኑን ከታቀፈች ማርያም እግር ሥር መሣሏ እንግዲህ ጸሎት ብቻ አይደለም፤ የሥልጣን ሙግትም ነው። በጎንደር አጠገብ ያሳነጹትን ደብር፣ ማርያም ከልጇ ጋር በስደት ባረፈችበት በግብፁ ስፍራ ስም «ቁስቋም» ማሰኘታቸውም ይህንኑ ያጠናክራል።

ይሁን እንጂ ሙግቱን በቀለም ያቆመው ሠዓሊው ነው። ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል በሚባለው ስልት ፊት በጥላ እየተሞላ ክብነት አገኘ፤ መደቡ ከቢጫ ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ ተሸጋገረ፤ የጨርቅ ጥለት አንድ በአንድ ተለቅሞ ተሣለ። ይህ ሁሉ የሠለጠነ እጅና የበሰለ ዓይን ውጤት ነው። የአሠሪዋ መልክ ከነማዕረጓ በግድግዳው ላይ ሲቀር፣ እንደ ዘመኑ ልማድ የሠዓሊው ስም አልተጻፈም። ደብሩን በጉልት መሬት ያኖረው የገባሩ ላብማ ጭራሽ በሥዕሉ ውስጥ ቦታ የለውም።

ታዲያ ምንትዋብን በምን ሚዛን እንመዝናቸው? ኪነ ጥበብን ለዙፋናቸው ማገልገያ አድርገዋል ብሎ ማውገዝ ቀላል ነው፤ የጥበብ እናት ብሎ ማወደስም እንዲሁ። ሁለቱም ፍርዶች ሥዕሉን ሳያዩ የሚሰጡ ናቸው። እቴጌዪቱ ለሠዓሊው ግድግዳ፣ ቀለምና እንጀራ ሰጡት፤ እሱ ደግሞ ከታዘዘው በላይ መለሰላቸው።

እ.ኤ.አ. በ1769 የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ሲገደሉ የጎንደር ዙፋን ኃይል ተሰበረ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ንጉሡ በመሳፍንት እጅ የሚወጣና የሚወርድ ስም ብቻ ሆኖ ነበር። ቁስቋምም እ.ኤ.አ. በ1888 በደርቡሾች ተቃጠለ። ሥልጣኑን ለማጽናት የተሣለው የናርጋ ሥዕል ግን ሥልጣኑ ካለፈ በኋላም ቆሟል። ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን ከዚህ ሥዕል ፊት ሲያቆም «ማን አሣለው?» ብሎ ብቻ አይጠይቅ፤ «ማን ሣለው? በማን ድካም?» ብሎም ይጠይቅ።