የሻወር መስታወትና የድሬዳዋ ውኃ

ድሬዳዋ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳ ሰው የሻወር መስታወትን ጠባይ ሳይወድ በግድ ይማራል። የከተማዋ ውኃ ከከርሰ ምድር፣ ከኖራ ድንጋይ መሀል ስለሚወጣ ካልሲየም ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል፣ የሻወሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል። መስታወት ላይ ደግሞ ከገላ ሳሙና ጋር ይገናኛል፤ ሳሙናው ውስጥ ያለው ስብ ከካልሲየሙና ከማግኒዚየሙ ጋር ተጣብቆ ውኃ የማያሟሟው ግራጫ ዝቃጭ ይሆናል። አዲስ አበባም ቢሆን ሰፈር ይለያል፦ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ለስለስ ሲል ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ማዕድን ይበዛበታል።

አዲስ ልጅ ሥራ ስትጀምር ስፖንጅ ከመስጠቴ በፊት መስታወቱን በጣቷ አስዳስሳታለሁ። ቅባት ቅባት የሚል፣ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ሻማ የሚላጥ ከሆነ የሳሙናው ነው። ሻካራ ሆኖ ጥፍር የማይበግረው ከሆነ የውኃው ድንጋይ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ተደራርበው ይገኛሉ።

ለሁለቱም አቼቶና የሞቀ ውኃ እኩል ለእኩል ቀላቅዬ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ እጨምርበታለሁ። አቼቶ ብቻውን ረጭተው «አልሠራም» የሚሉ አሉ። አቼቶው ካልሲየሙን ከስቡ ያላቅቃል፣ የተላቀቀው ስብ ግን እዚያው መስታወቱ ላይ ይቀራል፤ እሱን የሚያነሣው ፈሳሹ ነው። ሌላው ችግር መስታወት ቋሚ መሆኑ ነው፤ የረጩት ሥራውን ሳይጀምር ይወርዳል። ስለዚህ ሶፍት በድብልቁ አርሼ እለጥፍበትና ሌላ ሥራ እሠራለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ በስፖንጅ ቀስ ብሎ ይነሣል። የብረት ሽቦ ይዞ የሚመጣ ሰው ካየሁ እቀማዋለሁ፤ የጫረውን መስታወት የሚመልስ መድኃኒት የለም፣ ጭረቱም ቆሻሻ መያዣ ይሆናል።

ወለሉ እብነ በረድ ከሆነ አቼቶ እንዳይነካው ፎጣ ይነጠፍ፤ አሲድ እብነ በረድ ይበላል። በረኪና ደግሞ በዚያ ሰዓት ከክፍሉ ይውጣ። ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ መስኮት በሌላት ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ድካም የሚገላግለው ውኃው መስታወቱ ላይ እንዳይደርቅ ማድረግ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ከሮቶው እየቀዱ መስታወት ደጋግመው የሚያለቀልቁ አይቻለሁ፤ ያው ውኃ ደርቆ ያው ድንጋይ ይሆናል፣ ትርፉ ሮቶውን ማጉደል ነው! ባለ እጀታ የጎማ መጥረጊያ ይበቃል። ከላይ ወደ ታች፣ አንዱ ጉዞ የሌላውን ጠርዝ እየነካ፤ ከዚያ የበሩን የታችኛውን ጎማ በደረቅ ጨርቅ። እዚያ ውኃ ስለሚያቁር ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ገላውን ታጥቦ የሚወጣው ሰው ራሱ ቢያደርገው ከአንድ ደቂቃ አያልፍም።

አንዳንዱ መስታወት ግን ለዓመታት ተትቶ ይቆያል። አቼቶውም ፈሳሹም ተሞክሮ፣ በጣት ሲዳሰስ ለስላሳ ሆኖ ጭጋጉ ካልለቀቀ የተበላው መስታወቱ ራሱ ነው። ያኔ ለባለቤቱ በግልጽ እነግራቸዋለሁ፦ ኬሚካል እየገዙ ገንዘብዎን አይጨርሱ፣ ወይ እንዳለ ይጠቀሙበት ወይ ያስቀይሩት፤ ካስቀየሩት ግን የጎማ መጥረጊያውን በዚያው ቀን ግድግዳው ላይ ያሰቅሉ።