ውጅግራ በፉከራ መድረክ

ባዕድ ዕቃ ወደ አንድ ሕዝብ ሕይወት ሲገባ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ መጀመሪያ በፋብሪካ፣ ቀጥሎም በአንደበት። «ውጅግራ» ለዚህ ድርብ አሠራር ግሩም ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የታጠቀውን ጠመንጃ ያዘጋጀው ባዚል ግራ የተባለ የመድፈኛ መኮንን ነበር፤ ፈረንሳዮችም መሣሪያውን በሰውየው ስም «ፉዚ ግራ»፣ ማለትም የግራ ጠመንጃ አሉት። አማርኛ ተናጋሪው «ፉ»ን «ው»፣ «ዚ»ን «ጅ» አድርጎ፣ ዕቃውንና ሠሪውን በአንድ ቃል ጠቅልሎ የራሱ አደረገው። ፈረንሳይ ይህን ጠመንጃ በሌላ ከተካችው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ከአዳማ እስከ ባቱ በተዘረጋው የስምጥ ሸለቆ መንገድ፣ በሠርግ፣ በበዓልና በባህል መድረክ ፉከራ በተሰማ ቁጥር ግን የውጅግራ ስም ዛሬም ይጠራል። ስሙ ስለምን እንደኖረ፣ ዛሬስ በመድረክ ላይ ምን እየሆነ እንደሄደ መመርመር የኪነ ጥበብ ሒስ ተግባር ነው።

ውጅግራ አንድ ጎራሽ ነው። ተኳሹ መዝጊያውን ከፍቶ አንዲት ጥይት ያጎርሳል፤ ይዘጋል፤ አልሞ ይተኩሳል፤ ባዶውን ቀለህ አስወጥቶ እንደገና ይጀምራል። አረሩ 11 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ከባድ እርሳስ ነው። የሚገፋውም ጥቁር ባሩድ በመሆኑ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ የጢስ ደመና እየተነሣ ተኳሹ ያለበትን ስፍራ ለጠላት ያሳብቅበታል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን የለበል ጠመንጃ በተቀበለች ጊዜ ውጅግራ ዘመኑ ያለፈበት ሆነ። ትርፍ ሆኖም በነጋዴዎች እጅ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። አውሮፓ የጣለችውን ኢትዮጵያ አነሣችው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተሰለፉት የጠመንጃ ዓይነቶችም አንዱ ይኸው ነበር።

አንድ ጎራሽነቱ ለጦረኛው ጉድለት ቢሆንም ለገጣሚው ጸጋ ሆኖለታል። የሚሳሳትበት ሁለተኛ ጥይት የሌለው ሰው ቆራጥነቱን በአንዲቷ ያሳያል። ፉከራም እንዲሁ ነው፤ «ዘራፍ» ብሎ የተነሣ ሰው አንዱን ስንኝ ተኩሶ ዝም ይላል፤ ይንጎራደዳል፤ ሌላውን ያጎርሳል። በስንኝና በስንኝ መካከል ያለው ዝምታ የንግግሩ አካል ነው። አድማጭ የሚንቀጠቀጠው በተነገረው ብቻ ሳይሆን ሊነገር በተቃረበውም ጭምር ነው።

ስሙ የኖረበት ሌላው ምክንያት ድምፁ ነው። ፉከራ በቤት መምቻው ይቆማል። «ውጅግራ» በ«ራ» ያልቃል፤ በዚህም ቤት ተራራ፣ ጎራ፣ አውራ፣ አደራ፣ ኮራ፣ ፈራ የሚሉ ቃላት ተሰልፈው ይጠብቁታል። የቦታ ቃል፣ የክብር ቃል፣ የኀፍረት ቃል በአንድ ቤት ተሟልተውለታልና ጀግናንና ፈሪን ለመለየት ሌላ መድከሚያ አያሻም። የኦስትሪያው ማንሊኸር «ምኒሽር» ተብሎ በ«ር» ሲያልቅ ክብርን፣ አገርንና ምስክርን ያገኛል፤ አልቢኒ «አልቤን» ሲባል ደግሞ «ልቤን» ከሚለው ቃል ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ቃል አቀባባዩ ሕዝብ ባዕድ ስም ያጣመመው ጆሮው ደንቆሮ ስለሆነ አይደለም፤ ለግጥም ስላዘጋጀው ነው።

የአሮጌ ፈረንሳይ ጠመንጃ ፍቅር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በህንድ የአደን ጠመንጃ ባለቤቶች መካከልም «ዳርን» የሚባለውን ባለ ሁለት አፈሙዝ መሣሪያ የሚወዱ አሉ። ይህ ጠመንጃ የተሠራው ውጅግራም ይመረትባት በነበረችው በሴንት ኤቲየን ከተማ ነው። ሌሎች የአደን ጠመንጃዎች ከወገባቸው ተቀልሰው ሲከፈቱ፣ የዳርን አፈሙዝ ግን ከሰደፉ ጋር እንደተያያዘ ጸንቶ ይቆያል፤ መዝጊያው ብቻ በእጀታ ተስቦ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለግለሰቦች የሚገባውን የውጭ ጠመንጃ ስለከለከለች፣ ቀድሞ የገባው አሮጌ መሣሪያ ብርቅ ሆነ። በዚያ አገር ባለቤቱ የሚያደንቀው የእጅ ባለሙያውን ጥበብ ነው፤ የብረቱን ልስላሴ፣ የእንጨቱን ሐረግ፣ የመዝጊያውን ድምፅ ያጣጥማል። በኢትዮጵያ ግን የውጅግራን አሠራር ያመሰገነ ፉካሪ በእጅጉ ጥቂት ነው። የሚመሰገነው ተሸካሚው ነው፤ ጠመንጃው ምስክር ሆኖ ይጠራል እንጂ ራሱ ተከሳሽም ተወዳሽም አይሆንም። የህንዱ ፍቅር የባለ ዕቃ ፍቅር ሲሆን የኢትዮጵያው የባለ ቃል ፍቅር ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ እውነተኛ ባለቅኔም ያልፋል። ገና በወጣትነቱ ግጥም መጻፍን እርግፍ አድርጎ የተወው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ፣ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃዎች በግመል አስጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ አንኮበር ደረሰ፤ በኋላም እንጦጦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተዋዋለ። ጭነቱ ከውጅግራም የቀደመ፣ በአውሮፓ የተናቀ አሮጌ መሣሪያ ነበር። ራምቦ ስለ ጉዞው ለካይሮ ጋዜጣ ጽፏል፤ ለዘመዶቹና ለነጋዴዎች ስለ ዋጋና ስለ ዕዳ ደብዳቤ ልኳል፤ ስለ ጠመንጃዎቹ የገጠመው ግን የለም። በአውሮፓ ግጥም አዲስ መንገድ የከፈተው ሰው ጠመንጃን እንደ ሸቀጥ ሲያይ፣ ፊደል ያልቆጠረው የሸዋ፣ የጎጃምና የወሎ ወታደር ያንኑ ሸቀጥ ግጥም አደረገው። ገጣሚነት በማዕረግ ወይም በዝና የሚጸና ሳይሆን፣ ሰው ከሚኖረው ሕይወት ጋር በሚገባው ውል የሚገኝ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አይገኝም።

ፉከራ ያንን ውል በሦስት ነገሮች ያጸናዋል፤ እነርሱም ሥራ፣ ምስክርና አድማጭ ናቸው። ፉካሪው የሠራውን ወይም ሊሠራ የማለውን ይናገራል፤ የሚያውቁት ሰዎች ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል፤ ቢዋሽ ይዋረዳል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. በተመሠረተ ጊዜ ፉከራና ሽለላ ወደ መድረክ የወጡት የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ በደጅ ቆሞ ሳለ ነው። ያን ጊዜ የሚያዳምጠው ሕዝብ በማግሥቱ ዘማች ነበር። በ1928 ዓ.ም. አሮጌው ጠመንጃ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ፊት በቆመ ጊዜም የቃሉ ዕዳ በደም ተከፍሏል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የዛሬው የመድረክ ፉከራ ብዙ ይጎድለዋል። ተዋናዩ ከእንጨት የተጠረበ ጠመንጃ ያነሣል፤ ዝናር ይታጠቃል፤ ጎፈር ይደፋል፤ ሌላ ሰው በሌላ ዘመን የተናገረውን በቃሉ አጥንቶ ይወጣል። ድምፅ ማጉያው ዝምታውን ይውጠዋል፤ ከበሮው በስንኞች መካከል ያለውን ቦታ ይደፍነዋል። አንድ ጎራሹ ውጅግራ እንደ መትረየስ ይንጣጣል። ሥራ የለም፤ ምስክር የለም፤ ለማን እንደሚፎከርም አይታወቅም። ቅርጹ ያለ ይዘት ሲቀር ብረቱ ብቻውን ያበራል፤ ብረት ብቻውን ሲያበራ ደግሞ ወይ መጫወቻ ወይ ማስፈራሪያ ከመሆን አይዘልም።

ለማን ይፎከራል የሚለው ጥያቄ እንደ ባቱ ባለ ከተማ እጅግ ይከብዳል። በቀድሞ ስሟ ዝዋይ የምትባለው ይህች የሐይቅ ዳር ከተማ የኦሮሞ፣ የዛይ፣ የአማራ፣ የጉራጌና የሌሎችም ልጆች መኖሪያ ናት። በአካባቢው የሚኖረው የአርሲ ኦሮሞ በ1870ዎቹ ዓ.ም. የምኒልክን ሠራዊት በጦርና በፈረስ ለዓመታት ተከላክሏል፤ በመጨረሻ ሚዛኑን የደፋው የጦር መሣሪያ ብልጫ ነበር። «ነፍጥ» ከሚለው ጥንታዊ የጠመንጃ ስም «ነፍጠኛ» የሚለው መጠሪያ ወጣ፤ ከመሣሪያው ጋርም መሬትና ገባር የተያያዙበት ሥርዓት ተተከለ። ይህ ሥርዓት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቢፈርስም ትዝታው አልፈረሰም። ስለዚህ በባቱ መድረክ ፊት የተቀመጠው ሕዝብ ከአፈሙዙ በስተኋላ የቆሙትም፣ ከአፈሙዙ ፊት የወደቁትም የልጅ ልጅ ነው። አድዋ ላይ የሁሉንም ነጻነት ያስከበረው ጠመንጃ እዚህ ሌላ ታሪክም አለው። ይህን ሳያውቅ የሚፎክር ተዋናይ አድማጩን አያውቅም፤ አድማጩን የማያውቅ ፉከራም ከአውራ መስፈርቱ አንዱን አጥቷል።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ጠመንጃ ከመድረክ ጨርሶ ይውረድ ይላሉ። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት ያደረሰው ጥፋት ገና አልተዘነጋም፤ በዚያ ወቅት ቀረርቶና ሽለላ ወንድም በወንድሙ ላይ እንዲነሣ ማነሣሻ ሆነዋል። መንግሥትም በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል። አዋጅ ብረትን ሊቆጣጠር ይችላል፤ ይገባዋልም። ቃልን ከመድረክ ማስወገድ ግን የትዝታውን በር መዝጋት ነው። የተዘጋበት ትዝታ ደግሞ ያለ ሐያሲ፣ ያለ ምስክር በየጓዳው ይፎክራል።

መፍትሔው ውሉን መመለስ ነው። የኦሮሞው ጌረርሳ በዚህ ረገድ ጎረቤት አስተማሪ ነው። ጌረርሳ ጀግንነትንና አደንን እንደሚያወድስ ሁሉ ድህነትን፣ በደልንና ብቸኝነትንም ያዜማል፤ ባለ ድሉም የተሸነፈውም በአንድ ቅርጽ ይናገራሉ። ፉከራና ጌረርሳ በአንድ መድረክ ላይ ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የጠየቀውን ሌላው ቢመልስ፣ ውጅግራ ከሁለቱም ወገን ይታያል፤ ከያዘውም፣ ከታለመበትም። በዚያን ጊዜ ተዋናዩ ከበሮውን ማስቆም፣ ዝምታን ማጎረስ፣ አንዷን ስንኝ እንደ አንዲት ጥይት አስቦ መልቀቅ ይኖርበታል። ገጣሚውም የአያቶቹን ስንኝ ከመድገም ይልቅ፣ በ«ራ» ቤት ከተሰለፉት ቃላት መካከል እስካሁን ብዙ ያልተነካውን «አደራ»ን ሊያነሣ ይገባዋል።

የውጅግራ ጥይት ከገበያ ጠፍቷል፤ ብረቱም በየቤቱ ምሰሶ ላይ ዝጓል። ስሙን ያተረፈው ያልታወቀው ፉካሪ ነው። እርሱ ባዕዱን ብረት ወደ አገር ቃል ለውጦ አስረከበ፤ የዛሬው መድረክ ያንን ቃል መልሶ ወደ ብረት ቢለውጠው ርስቱን እንዳባከነ ይቆጠርበታል።