ክንፏ የተጨማደደባት ቢራቢሮ ብርዝ ስትጠጣ!

ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ቢራቢሮ ለካ በእግሯ ነው የምትቀምሰው! በእግሯ! ብርዝ የነካ ጣቴ ላይ ገና እንዳስቀመጥኳት፣ አፏ ሳይደርስ፣ እግሯ ጣፋጩን አወቀው። ከዚያ ያ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው መምጠጫዋ ቀስ እያለ ተፈታ፣ ተዘረጋ፣ ወርዶ ጣቴን ነካኝ። ይቀዘቅዛል! ይኮረኩራል! እልል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ!

ይህቺ ቢራቢሮ እኮ መብረር አትችልም። የግራ ክንፏ እንደተጨማደደ ደርቆ ቀርቷል። እንዲህ ያለችውን ሰው ሁሉ «አበቃላት» ብሎ ይጥላታል። ምን አበቃላት! በጭራሽ አላበቃላትም! ብርዟን ካገኘች፣ ፀሐይዋን ከሞቀች፣ ሁለት ሦስት ሳምንት የቢራቢሮ ዕድሜዋን ትኖራለች። እሱም ምን ዓይነት ኑሮ!

ከየት አገኘኋት? ከሎሚው ነዋ! መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ጓሯችን ውስጥ ካለው ሎሚ። እስቴ ሎሚ ያላችሁ፣ ታች ጋይንት አርብ ገበያ አካባቢ የምትኖሩ፣ ስማዳ ወደ በሽሎ ቆላ ወረድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ሂዱና የሎሚ ቅጠል እያገላበጣችሁ እዩ! ለጋው ቅጠል ላይ ድቡልቡል፣ ቢጫ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል እንቁላል ታገኛላችሁ። ከሷ የምትወጣዋ ትል ደግሞ ጉድ ናት። ቁርጥ የወፍ ኩስ! ቡናማና ነጭ፣ የረጠበች፣ ወፍ አይታ የምታልፋት። ትንሽ ስትሰነብት ቆዳዋን ትቀይርና አረንጓዴ ትሆናለች። ነካ ሲያደርጓት ከአንገቷ ሥር መንታ ቀንድ ብቅ ይላል! ሽታው አፍንጫ ይመታል! እኔ ቀንዱን ለማየት ብዬ ስንት ጊዜ ነካ ነካ አደረግኳት መሰላችሁ።

ሳይንሱ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ይላታል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ሁሉ አለች፤ የእኛም ናት። ጥቁር ላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ የኋላ ክንፏ ላይ ቀይና ሰማያዊ ዓይን። ምን ዓይነት ጌጥ ነው!

ማሳደጉ ደግሞ እንዴት እንደሚቀል! አንድ ካርቶን፣ ከላይ የአሮጌ አጎበር ቁራጭ፣ ውስጡ በውኃ ጠርሙስ የቆመ የሎሚ ቅርንጫፍ። የጠርሙሱን አፍ በጥጥ መድፈን ነው፣ ትሏ ውኃው ውስጥ እንዳትገባ። በቃ! ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ቅጠል ስትቆረጥም ይሰማል! እውነቴን ነው፣ ይሰማል! ነፋስ መውጫ ያላችሁ ደግሞ ደጋው ለሎሚ አልመቸም ብላችሁ እንዳትቀሩ፤ ቆላ ያለ ዘመድ ቅርንጫፉን ከነእንቁላሉ ይላክላችሁ።

እናቴ መጀመሪያ «ደግሞ ሎሚዬን ለሚጨርስ ትል!» ብላ ነበር። አሁን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ገና ነጠላዋን ሳታስቀምጥ «ቁርሷን ሰጠሻት ወይ?» ትለኛለች። የጎረቤት ልጅማ ካርቶኑን ለቃ አትሄድም። «እትዬ፣ ጠጣች! እትዬ፣ ጠጣች!»

አሁን ወደ ክንፉ ልምጣ፣ ትልቁ ነገር እሱ ነው! ትሏ በግንድ ላይ በሐር ክር ወገቧን አስራ፣ ቅርፊት ለብሳ ትቆያለች። አረንጓዴ ቦታ ከሆነች አረንጓዴ፣ ደረቅ እንጨት ላይ ከሆነች ቡናማ! ልትወጣ ስትል ቅርፊቱ ይጠቁርና የክንፉ ነጠብጣብ በውስጡ ይታያል። ከዚያ ጫፉ ይሰነጠቃል! እግር! ቀንድ! ሆድ! ክንፏ ግን ታጥቦ እንደተጨመቀ ነጠላ እርጥብና ጭምድድ ያለ ነው። ሽቅብ ትወጣለች፣ ትንጠለጠላለች፣ ከሆዷ ፈሳሽ ወደ ክንፏ ሥሮች እየገፋች ትነፋዋለች። ዓይናችሁ እያየ ይዘረጋል! ቀያማ ጠብታ ሲወርዳት ደም መስሎኝ ክው ብዬ ነበር፤ ለካ ቅርፊቱ ውስጥ ያጠራቀመችው ቆሻሻዋ ኖሯል።

ክንፍ የሚበላሸው እዚችው ሰዓት ላይ ነው። ከወደቀች፣ የምትንጠለጠልበት ካጣች፣ አየሩ ክፉኛ ከደረቀ፣ ክንፉ ሳይዘረጋ ይደርቃል። እና ስሙኝ፣ ገና ለስላሳ ሳለ ከደረሳችሁላት ትድናለች! ክንፏን ሳትነኩ፣ ሸካራ እንጨት ከእግሯ ፊት አስጠጉላት። ቆንጥጣ ትይዘዋለች! ቀና አድርጋችሁ ስቀሉት። ጋይንት የበጋ ነፋሱ ደረቅ ስለሆነ፣ አጠገቧ እርጥብ ጨርቅ አንጠልጥሉላት። አንዷን እንዲህ አነሳኋት፤ ክንፏ እጥፋት ሳይቀርበት ተዘረጋ! በረረች! አጥሩን አልፋ ሄደች! ጮህኩ!

ክንፏ ደርቆ የቀረባትስ? እሷ ደግሞ የቤት እንግዳ ናት! አንድ እጅ ማር ለዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጡ፤ ቀጭን ብርዝ ማለት ነው። ጥጥ ነክራችሁ በስኒ ማስቀመጫ ላይ አኑሩ፣ ቢራቢሮዋን እላዩ ላይ አቁሟት። መምጠጫዋን አልፈታም ካለች በስንጥር ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ፍቱላት፣ ወደ ብርዙ አድርሱላት። አንዴ ከቀመሰች በኋላ ማን ያቆማታል! የበሰለ ሙዝና የተቆረጠ ብርቱካንም ነፍሷ ነው። መስከረም ላይ አደይ አበባ ቆርጣችሁ ብታቀርቡላት ከአበባ አበባ በእግሯ እየሄደች ትጠጣለች።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ መስኮት ላይ! ጉና ተራራ ሥር ያለ ጠዋት ብርድ ነው፣ እሷም ሰውነቷን የምታሞቀው በፀሐይ ነው። ደህናውንም የተጨማደደውንም ክንፏን ትዘረጋለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትሞቃለች። ጣቴ ላይ የቀረውን ዱቄት በፀሐይ አየሁት፤ ያ ሁሉ ቀለም ለካ ጥቃቅን ቅርፊት ነው! ያብለጨልጫል!

ክንፏ ለተጎዳ ቢራቢሮ የደከምኩ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ዕወቁ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሮሚ ማክሎስኪ የምትባል ቴክሳስ የምትኖር የልብስ ዲዛይነር፣ ክንፏ የተቀደደባትን ሞናርክ ቢራቢሮ ከሞተች ሌላ ቢራቢሮ በወሰደችው ክንፍ በሙጫ ጠገነቻት። በማግስቱ በረረች! ጥልፍ በለመደ እጅ! የእኛ አገር ጠላፊዎች እጅ ምን ያንሰዋል እስቲ?

የሞናርክ ዘመድ ደግሞ እኛም ዘንድ አለች! ብርቱካንማዋ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነችው። የእንስሳትና የዕፅዋት ስም አውጪው ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣላት ናት። ትሏ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ሸንተረር አላት። ቆላ ውስጥ ሲሰብሩት ነጭ ወተት የሚያፈሰው ጦቢያው ላይ ፈልጓት። መርዙን ከወተቱ ወስዳ ሰውነቷ ውስጥ ስለምታኖረው አብዛኛው ወፍ አይደፍራትም! የበሽሎ ውኃ በዓባይ በኩል በሚያልፍባት ሉክሶር፣ የጥንት ግብፆች ከ3,500 ዓመት በፊት ግድግዳ ላይ ስለዋታል። ያቺኑ ቢራቢሮ ስማዳ ላይ በእጃችሁ ብርዝ ማጠጣት ትችላላችሁ! አስቡት!

ክረምቱ ሲወጣ ቢራቢሮ ይበዛል፤ ከዚያ በፊት ካርቶኑንና አጎበሩን አዘጋጁ። ሎሚ የሌላችሁ ሎሚ ትከሉ። ክንፏ የተጨማደደች ካገኛችሁ እንዳትጥሏት፣ አደራ! ቅድሚያ ጣታችሁን ብርዝ አስነኩና እላዩ ላይ አቁሟት።