አከራይን ማን ኢሚግሬሽን አደረገው?

እኔ የምለው፣ ጀሞ ላይ ቤት የሚያከራይ ሰው ድሮ ተከራዩን የሚጠይቀው ምን ነበር? “ስንት ናችሁ? ልጅ አላችሁ? ማታ ታመሻላችሁ?” በቃ። አሁን ግን ደላላው ገና ደረጃውን ወጥቶ ሳይጨርስ “ከወዲህ ናቸው ወይስ ከመረብ ማዶ?” ይባላል። “ከመረብ ማዶ” ከሆነ አንዱ አከራይ “ይቅርብኝ፣ ጣጣ አልፈልግም” ይላል። ሌላው “ችግር የለውም” ይልና በኪራዩ ላይ ይጨምርበታል። ወረቀት የሌለው ሰው የት ሄዶ ይከሳል!

እነዚህ ሰዎች እንዴት መጡ? በ2002 ዓ.ም. መንግሥት ለኤርትራውያን ስደተኞች ከካምፕ ውጪ የመኖር ፈቃድ መስጠት ጀመረ። ራሱን የቻለ ወይም የሚረዳው ዘመድ ያለው ከተማ ገባ። በመስከረም 2011 ድንበሩ ሲከፈት ደግሞ ብዙ ሰው ተሻገረ። በ2012 ዓ.ም. ኤርትራዊ በመሆን ብቻ በጅምላ ይሰጥ የነበረው እውቅና ቀረ። በ2013 ጦርነቱ ሲመጣ ትግራይ ውስጥ የነበሩት የህጻጽና የሽመልባ ካምፖች ፈረሱ፤ ነፍሱን ይዞ ከወጣው አዲስ አበባ የገባ ብዙ ነው። እንግዲህ “ሕገወጥ” በምትለዋ አንዲት ቃል ውስጥ ካርዱ ጊዜው ያለፈበትም፣ ካምፑ የፈረሰበትም፣ ልመዝገብ ብሎ የተዘጋ በር የጠበቀውም፣ የእውነት ተደብቆ የገባውም አለ። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያውቀው አከራዩ ነው?

ክርክሩን ስትሰሙት ሁለት ወገን ነው። አንዱ “አገር ድንበር አለው፤ ኪራይ ያስወደዱብን እነሱ ናቸው፤ ሐሰተኛ መታወቂያ የሚያወጣም አለ” ይላል። ይሄ ዝም ተብሎ የሚጣል ነገር አይደለም። መንግሥት ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ መጠየቁ መብቱም ግዴታውም ነው። ሌላው ደግሞ “ወንድሞቻችን አይደሉም እንዴ? አንድ ቋንቋ፣ አንድ እምነት...” ይላል። ደግ ነው። ግን ወንድምነት ፀብ ሲመጣ ቀድማ የምትሰረዝ ወረቀት መሆኗን ዓይተናል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ዘመን ከዚህች አገር ኤርትራዊ ናችሁ ተብለው የተጋዙት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ ከዚያ ወገንም ኢትዮጵያውያን ተባረዋል። የሚያንኳኳው ደግሞ ሩቅ ያለ ባለሥልጣን አልነበረም፤ ሰፈሩን በስም የሚያውቅ ሰው ነበር።

ሁለቱም ወገኖች የማይጠይቋት ጥያቄ አለች፤ ሥልጣኑ የማን ነው?

ሕገ መንግሥቱ መልሷል። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 18 የኢሚግሬሽን፣ የፓስፖርት፣ የስደተኛና የጥገኝነት ጉዳይ የፌዴራል መንግሥት ነው ይላል። ለዚህም ሁለት መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት አለ፤ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት አለ። የብሎክ ኮሚቴ የሚል ግን የትም አልተጻፈም።

ልማዱ ከየት መጣ ካላችሁ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 አከራይ የተከራዩን ማንነት መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ያስገድድ ነበር፤ ለውጭ ዜጋማ የፓስፖርቱን ቅጂ ጭምር። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ አከራይን እንደ ፖሊስ የማየት ልማድ ግን አብሮት አልተሻረም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 መጣ፤ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ አለ። ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪና ከመባረር ለመጠበቅ የወጣ መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ የሚያጠያይቅ ተከራይ ወደ ምዝገባው ዝር አይልም። ስለዚህ ጥበቃው በጣም ከሚያስፈልገው ሰው ዘንድ አይደርስም፤ አከራዩም የፈለገውን ይጨምራል።

ሌላም አለ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሰውን ሕይወቱ አደጋ ወደሚወድቅበት አገር መመለስን ይከለክላል። ጥገኝነት ፈላጊም ማመልከቻውን ለፖሊስ ጣቢያ ማቅረብ ይችላል። ፖሊስ ጣቢያ የጥገኝነት በር ነው ማለት ነው! ታዲያ ሰውዬው ጣቢያውን ሲያይ መንገድ የሚቀይር ከሆነ ያ በር ምን ይሠራል? በሐምሌ 2015 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ጉዳያቸው በአግባቡ ሳይታይ ከኢትዮጵያ ተባረዋል ብለው ማውገዛቸው ይታወሳል። ያንን የሰማ ሰው በምን ልቡ ጣቢያ ይሄዳል?

ይሄ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። አሜሪካም የአሪዞና ክፍለ ግዛት በ2002 ዓ.ም. የራሷን ፖሊስ ኢሚግሬሽን የሚያደርግ ሕግ አወጣች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 ዓ.ም. ክርክር ከተነሳባቸው አራት አንቀጾች ሦስቱን “የፌዴራል ሥልጣን ነው” ብሎ ሻረ፤ ፖሊስ ወረቀት የሚጠይቅበትን ግን ለጊዜው ተወው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን መንገድ ላይ “ወረቀትህን” ሲባሉ እኛ እዚህ ሆነን እንናደዳለን። በ2006 ዓ.ም. ሪያድ ውስጥ መንፉሃ ላይ ከፖሊሱ ሌላ የሰፈሩ ሰዎች ዱላና ገጀራ ይዘው ሲወጡ አልቅሰን የለም? ከ160 ሺህ በላይ ሰው ከሳዑዲ ሲመለስ “ሕገወጥም ቢሆን ሰው ነው” ያልነው እኛው ነን። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንዲሉ፣ ጀሞ ላይ ሲሆን ለምን ይቀለናል?

ድንበሩ ይለቀቅ ያለ የለም። ወረቀት የሚያይ ሰው ሥልጣኑን በጽሑፍ ያሳይ፤ ሲይዝ ምክንያቱን ይመዝግብ፤ ከመጫኑ በፊት የስደተኞች መሥሪያ ቤት ሰውዬውን ያናግረው፤ ዳኛ ይየው። አከራይ ደግሞ ኪራዩን ይቀበል፣ ግብሩን ይክፈል፣ ቧንቧው ሲፈስ ያሠራ። ያቺው ራሷ ስንት ሥራ ናት!