ሦስት ፊደል፣ ሁለት ቋጠሮ

«ጥብቅ መመሪያ ወጣ።» «መቀነቷን ጥብቅ አድርጋ ታጠቀች።» ሁለቱን ድምፅ እያሰሙ ያንብቧቸው። ወረቀቱ ላይ ያው ሦስት ፊደል ነው። አፍ ውስጥ ግን የመመሪያው «ጥብቅ» አንድም ፊደል ሳይጠብቅ ያልፋል፤ የመቀነቷ «ጥብቅ» «ብ»ም ይጠብቃል፣ «ቅ»ም ይጠብቃል። በ«ብ» ላይ ከንፈር ገጥሞ ሲቆይ መቀነቱ ይሳባል፤ በ«ቅ» ላይ የምላስ ሥር ሲያንቅ ቋጠሮው ይያዛል። (መመሪያው ላልቶ መቀነቱ መጥበቁን እንደ ሽሙጥ የሚወስድ መሥሪያ ቤት ካለ፣ ጥፋቱ የቋንቋው ነው።)

«ጠበቅ» ደግሞ ሌላ ልክ ነው። አህያ የሚጭን ሰው ረዳቱን «ጠበቅ አድርገው» ካለው፣ ገመዱን ትንሽ ሳብ ማድረግ ይበቃል፤ «ጥብቅ አድርገው» ካለው ግን ገመዱ ንቅንቅ እንዳይል ነው። በ«ጠበቅ» የሚጠብቀው መጨረሻው «ቅ» ብቻ ነው፤ «በ» ላልታ ቀርታለች። የእጁ ጉልበት በፊደል ተሰፍሯል ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ «ይጠብቃል» ነው። ዘበኛው በሩን ይጠብቃል ስንል «ብ» ይጠብቃል። ብሎኑ ሲዞር ይጠብቃል ስንል ግን ያው «ብ» ይላላል። ስለ መጥበቅ የሚያወራው እሱ ሆኖ ሳለ!

«በጥብቅ»ና «አጥብቆ» አንድ የሚመስሉት ለችኩል ሰው ነው። «ማጨስ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ማን እንደከለከለ አይናገርም፤ ቢሮ የሚወደውም ለዚህ ይመስለኛል። «አጥብቆ» ግን ባለቤት አለው፦ መርማሪው አጥብቆ ጠየቀ፣ እናቴ አጥብቃ መከረችኝ፣ አጥብቄ እለምንሃለሁ። ጥብቅነቱ የማን እንደሆነ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። አንድን ነገር ሳያስቀሩ ማወቅ ሲሆን ደግሞ ሥራው የ«ጠንቅቆ» ነው፤ ሕጉን አጥብቆ የያዘ ሁሉ ሕጉን ጠንቅቆ ያውቃል ማለት አይደለም።

ፊደላችን ይህን ሁሉ አያሳይም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደሎች አናት ላይ ነጥብ አድርገው ነበር፤ ልማዱ ግን አልተስፋፋም። ለመቀነቷ ሁለት ነጥብ፣ ለመመሪያው ምንም፤ እኔ ብሆን እንዲያ አደርግላቸው ነበር።